ሰይጣን ያፈረሰው ትዳር

በዲሴምበር 2007 መጨረሻ ላይ ለገበያ የቀረበው የ«አሜዚንግ ስፓይደርማን» 545ኛ እትም ሃያ ዓመት የቆየ ትዳር አፈረሰ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባልና ሚስቱ አልተጣሉም፤ ሽማግሌ አልተቀመጠም፤ ፍርድ ቤትም አልቆሙም። ስፓይደርማን፣ በእውነተኛ ስሙ ፒተር ፓርከር፣ ለእሱ የተተኮሰ ጥይት አግኝቷት ሞት አፋፍ ላይ የደረሰችውን አሳዳጊ አክስቱን ሜይን ለማትረፍ ሲል ሜፊስቶ ከተባለው፣ የአሳታሚው የማርቭል ኮሚኮች ሰይጣን፣ ጋር ተዋዋለ። ሜፊስቶ እንደ ወትሮው ነፍስ አልጠየቀም። የፈለገው የፒተርንና የሜሪ ጄንን ጋብቻ ነበር፤ ያውም ከነትዝታው ተፍቆ፣ ከመነሻው እንዳልነበረ ሆኖ። በማግስቱ ፒተር በአክስቱ ቤት ከእንቅልፉ ሲነቃ ወንደላጤ ነው። ከዓመታት በፊት ሞቶ የተቀበረው ጓደኛው ሃሪ ኦስቦርንም በሕይወት አለ።

ገጸ ባሕርያቱ ሁሉን ረሱ። አንባቢው ግን አልረሳም። ሰርጉን በ1987 ያነበበ የዐሥር ዓመት ልጅ በ2007 ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ምናልባትም አግብቶ ወልዷል። «ዋን ሞር ዴይ» የተባለው ይህ ባለ አራት እትም ታሪክ በማርቭል ላይ ያወረደው የቁጣ ናዳ እስከ ዛሬም አላባራም። የታሪኩ ጸሐፊ ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ራሱ በአካሄዱ እንዳልተስማማ፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት እትሞች ላይ ስሙ እንዲነሳለት እስከ መጠየቅ ደርሶ እንደነበርና ዋና አዘጋጁ ጆ ኬሳዳ አግባብቶ እንዳስተወው በይፋ ተናገረ። ኬሳዳ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ባርኔጣ ነበረው፤ ውሳኔውን የሰጠውም፣ ሥዕሉን የሣለውም እሱ ነው።

ጠቡ ግን በ2007 አልተጀመረም። የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች ለብዙ ዓሥርት ዓመታት አንባቢያቸውን እያንዳንዷን ነገር እንዲያስታውስ ሲያለማምዱት ኖረዋል። ሒሳቡ ሲጠብባቸው ደግሞ ያንኑ አንባቢ እንዲረሳ ጠየቁት። የአድናቂዎቹ ምሬት ምንጩ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ላይ ማስታወስ የሚባል ነገር አልነበረም። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የፈጠሩት ሱፐርማን በ1938 በ«አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ሲወጣ የመጽሔቱ ዋጋ 10 ሳንቲም፣ ገዢውም በአብዛኛው ልጅ ነበር። አዘጋጆቹ ልጁ ለጥቂት ዓመታት አንብቦ ሌላ ነገር እንደሚያምረው፣ በቦታውም ታናሹ እንደሚተካ ያስቡ ነበር። ስለዚህ የቆየ ታሪክ አዲስ ልብስ ለብሶ ተመልሶ ቢመጣ የሚያስተውል የለም። ሱፐርማን አያረጅም፤ ጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌን ትከተለዋለች እንጂ አታገባውም። ጸሐፊዎቹ ሊያጋቡት ወይም ሊገድሉት ሲያምራቸው ታሪኩን «ምናባዊ» ብለው ከፊት ለፊቱ ምልክት ያደርጉበታል፤ በሚቀጥለው ወር ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ጣሊያናዊው ሊቅ ኡምቤርቶ ኤኮ ይህን በ1962 ባሳተመው ጥናት በደንብ ተንትኖታል። ኤኮ እንዳለው ሱፐርማን ቢያገባ ወደ ሞቱ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ በየሳምንቱ የሚሸጥ ጀግና ደግሞ ሊያልቅ አይችልም። ስለዚህ ታሪኮቹ ትናንትና ነገ በማይለዩበት፣ ሕልም በመሰለ ጊዜ ውስጥ ይንሳፈፋሉ።

ኤኮ ይህን በጻፈበት በዚያው ዓመት፣ በኦገስት 1962፣ ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ በ«አሜዚንግ ፋንታሲ» ቁጥር 15 ላይ ከሱፐርማን የተለየ ጀግና ይዘው ብቅ አሉ። ፒተር ፓርከር የቤት ኪራይ የሚያሳስበው፣ በትምህርት ቤት የሚቀለድበት ልጅ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜ ይነካዋል። በ1965 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1973 ፍቅረኛው ግዌን ስቴሲ ተገደለች፤ እንደሌሎቹ ኮሚኮች በሚቀጥለው ወር ከሞት አልተነሳችም። በጊዜው ወጣቱ ደራሲ ጄሪ ኮንዌይ ከአንባቢ የደረሰበት ውግዘት ከባድ ነበር። ሞቷ ግን ጸና፤ የፒተርም ሐዘን አብሮት አደገ።

ማርቭል ይህን የጊዜ ጉዞ ለገበያ ተጠቀመበት። በየገጹ ግርጌ ኮከብ ምልክት እየተደረገ «ይህ የሆነው በዚህ ቁጥር እትም ነው» የሚል ማስታወሻ ይቀመጥ ነበር፤ ያንን እትም ያልያዘ አንባቢ ፍለጋ ይወጣል። በታሪኮቹ መካከል የሚጋጭ ነገር አግኝቶ ለጻፈ፣ በኋላም ግጭቱን የሚያስታርቅ ማብራሪያ ላቀረበ፣ ስታን ሊ «ኖ ፕራይዝ» የተባለ ሽልማት ይልክ ጀመር። ሽልማቱ ባዶ ፖስታ ነበር። ልጆቹ ግን ያቺን ባዶ ፖስታ ለማግኘት የዓመታት እትሞችን እንደ ዳዊት ሸመደዱ።

የሱፐርማን አሳታሚ ዲሲ ደግሞ በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ። አዘጋጁ ጁሊየስ ሽዋርትዝ በ1956 በ«ሾውኬዝ» ቁጥር 4 ፍላሽ የተባለውን የድሮ ጀግና ስምና ኃይል ወስዶ ባሪ አለን የሚባል አዲስ ሰው አደረገው። የበፊቱ ፍላሽ፣ ጄይ ጋሪክ፣ ባሪ በልጅነቱ ያነበበው ኮሚክ ጀግና ሆኖ ቀረ። ዛሬ ዳግም ማስጀመር ለሚባለው ነገር ጥሩ ምሳሌ ቢኖር ይህ ነው፤ ግን ቁጣ አላስነሳም። በ1961 ጸሐፊው ጋርድነር ፎክስ ሁለቱን ፍላሾች አገናኛቸው፦ አሮጌዎቹ ጀግኖች አልጠፉም፣ የሚኖሩት በሌላ ምድር ላይ ነው። አንባቢ ፈነደቀ። ሽዋርትዝ በደብዳቤዎች ዓምዱ የደብዳቤ ጸሐፊዎቹን ሙሉ አድራሻ ያትም ስለነበር አድናቂዎች እርስ በርስ መጻጻፍ፣ የራሳቸውን መጽሔት እያባዙ ማሰራጨት ጀመሩ። የአድናቂው ማኅበረሰብ የተወለደው በአሳታሚው ገጽ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ችግሩ ምድሮቹ መብዛታቸው ነበር። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ የዲሲ ታሪክ ቅጥ አምባሩ ጠፍቶ ነበር፤ ጸሐፊው ማርቭ ዎልፍማን እንደሚያስታውሰው ነገሩን ያጠነከረው አንድ አንባቢ የታሪኮቹን መጋጨት እያማረረ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ዎልፍማንና ሠዓሊው ጆርጅ ፔሬዝ ከ1985 እስከ 1986 በወጣው ባለ 12 እትም «ክራይሲስ ኦን ኢንፊኒት ኧርዝስ» ምድሮቹን ሁሉ አጥፍተው አንድ ብቻ አስቀሩ። ሱፐርገርል በሰባተኛው፣ ባሪ አለን በስምንተኛው እትም ሞቱ። ከዚያ ጆን በርን በስድስት እትሞች የሱፐርማንን ታሪክ ከውልደቱ ሀ ብሎ ጻፈው።

ብዙ ሰው በርን የጻፈውን ወደደው። ያስቀየመው ሌላ ነው። ሱፐርገርል ሞታ ብቻ አልቀረችም፤ አዲሱ ታሪክ ከመነሻዋም አልነበረችም አለ። ዓለምን ለማዳን ሕይወቷን የሰጠች ልጅ የሚያለቅስላት ቀርቶ ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። በ1989 ደራሲው አለን ብረነርት በዲሲው የገና ልዩ እትም ውስጥ አንድ አጭር ታሪክ አስገባ፦ ማንም የማያስታውሳት የአንዲት ልጅ መንፈስ ተስፋ የቆረጠን ጀግና ስታጽናና። ስሟ ካራ ነው፤ የሱፐርገርል እውነተኛ ስም። የኩባንያው ሕግ የለችም ያላትን ልጅ በኩባንያው ገጽ ላይ የዘከራት ሰው የአንባቢውን ሐዘን በሚገባ ገብቶታል።

ዳግም ማስጀመር ገጸ ባሕርይን እንዴት እንደሚያበላሽ ደግሞ ሁለተኛው ሮቢን፣ ጄሰን ቶድ፣ ምስክር ነው። በ1983 ሲፈጠር የሰርከስ ልጅ ነበር። ከ«ክራይሲስ» በኋላ በ1987 ታሪኩ ተለውጦ የባትማንን መኪና ጎማ ሲሰርቅ የተያዘ የጎዳና ልጅ ሆነ፤ ጠባዩም ሻከረ። ብዙ አንባቢ ጠላው። በሴፕቴምበር 1988 ዲሲ ሁለት የስልክ ቁጥሮች አሳትሞ ዕጣውን ለሕዝብ ሰጠ፤ የአንዱ ጥሪ ዋጋ 50 ሳንቲም። ይሙት ያሉት 5,343፣ ይኑር ያሉት 5,271 ነበሩ። ጄሰን በ72 ድምፅ ልዩነት ሞተ። አንባቢ በጀግናው ሕይወት ላይ እንዲህ በቀጥታ እንዲወስን የተጋበዘባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ «ይህ የእናንተ ጉዳይ አይደለም» ማለት ከባድ ሆነ።

በ1994 ይህ የአንባቢ የባለቤትነት ስሜት መልክ ያዘ። ዲሲ የሠላሳ አምስት ዓመቱን ግሪን ላንተርን፣ ሃል ጆርዳንን፣ በሦስት እትሞች ውስጥ አሳብዶ፣ የጓዶቹ ገዳይ አድርጎ ካይል ሬይነር በተባለ ወጣት ተካው። የሃል ወዳጆች «ሂት» የሚባል ቡድን አቋቁመው ደብዳቤ አዘነቡ፤ ገንዘብ አዋጥተውም በኮሚክ ገበያው ጋዜጣ ላይ የተቃውሞ ማስታወቂያ አሳተሙ። ሃል በ2004 በጄፍ ጆንስ ብዕር ሲመለስ ዐሥር ዓመት ጠብቀው ነበር።

በዚያው በ1994 ማርቭል ከስፓይደርማን ትዳር ለመገላገል የመጀመሪያውን ሙከራ ጀመረ። ይህን ለመረዳት ወደ ሰርጉ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

ፒተርና ሜሪ ጄን የተጋቡት በ1987 ነው፤ በኮሚኩ 21ኛ ዓመታዊ እትም ላይ፣ ስታን ሊ ይጽፈው በነበረው የጋዜጣ ኮሚክ ስትሪፕም ላይ። ማርቭል ነገሩን በወረቀት ብቻ አልተወውም። ጁን 5 ቀን 1987 በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም፣ ከሜትስ የቤዝቦል ጨዋታ በፊት፣ ተዋንያን ሙሽሮቹን ሆነው ቀረቡ፤ ያጋባቸውም ስታን ሊ ራሱ ነበር። የሜሪ ጄንን የሰርግ ቀሚስ የነደፈው ታዋቂው የፋሽን ባለሙያ ዊሊ ስሚዝ ነው። ኩባንያው በአደባባይ ድል ያለ ሰርግ ደግሶ ተመልካቹን እድምተኛ አድርጎታል።

ውሎ አድሮ አዘጋጆቹ ተጸጸቱ። ያገባ ጀግና ያረጀ ይመስላል፤ ቢፈታ ወይም ሚስቱ ብትሞት ደግሞ ይብስ ያረጃል የሚል ሙግት በቢሮው ውስጥ ሥር ሰደደ። ኤኮ ስለ ሱፐርማን ያለው ነገር ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ የማርቭልን በር አንኳኳ ማለት ነው። የመጀመሪያው መፍትሔ በአድናቂዎች ዘንድ «ክሎን ሳጋ» የሚባለው ሆነ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተነበበው ፒተር ቅጂ እንደሆነ፣ እውነተኛው ቤን ራይሊ የሚባል ወንደላጤ እንደሆነ ተነገረ። ነፍሰ ጡሯ ሜሪ ጄንና «ቅጂው» ባሏ በክብር ይሰናበታሉ፣ አዲሱ ያላገባ ስፓይደርማን ይቀጥላል ተብሎ የታሰበ ይመስላል። አንባቢ ግን «ሃያ ዓመት ያነበብነው ውሸት ነበር?» ብሎ ተነሳ። ታሪኩ በጥቂት ወራት ማለቅ ሲገባው ሽያጭ እያጓተተው ሁለት ዓመት ፈጀ፤ በ1996 መጨረሻ ቤን ራይሊ ሞቶ ፒተር እውነተኛው መሆኑ ታወጀ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ልትወለድ የነበረችው ልጅ ግን በዚያው ጠፋች።

2007 የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኬሳዳ ክሎኑን አልደገመም፤ ቁልፉን ለሰይጣን ሰጠ። ከገበያ አንጻር አሳቡ ምክንያት አልነበረውም አይባልም። ከጃንዋሪ 2008 ጀምሮ «አሜዚንግ ስፓይደርማን» በወር ሦስት ጊዜ እየወጣ፣ ፒተርም ሥራና ቤት ፈላጊ ወጣት ሆኖ፣ አዲስ አንባቢ ካለ ምንም ጥናት የሚገባበት ተከታታይ ሆነ። ከእነዚያ ታሪኮች መካከል ጥሩ የሆኑ ብዙ ናቸው። አንባቢውን ያቃጠለው የመንገዱ ነገር ነው። ጀግንነቱን ሁሉ «ኃይል ያለው ኃላፊነት አለበት» በሚል አሳብ ላይ የገነባ ሰው፣ በዕድሜ የገፋች አክስቱን ሞት መቀበል አቅቶት ሚስቱን ለሰይጣን ሰጠ፤ ከዚያም ስለ ፈጸመው ነገር ምንም ስለማያስታውስ አይጸጸትም። በ2010 ጋብቻው እንዴት እንዳልተፈጸመ ሊያብራራ የወጣው ታሪክ ደግሞ ፒተር በሰርጉ ዋዜማ ወንበዴ ሲያሳድድ ተመትቶ ራሱን ስቶ ስለቀረ ነው አለ። ማብራሪያው ቁስሉን ነካካው እንጂ አላዳነውም።

በዚህ መካከል ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር በጋዜጣ ገጾች ላይ ሆነ። በ2009 መጀመሪያ የጋዜጣው ስትሪፕም የኮሚኩን መንገድ ተከትሎ ፒተርን ያላገባ ተማሪ አደረገው። ቅሬታው ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ ፒተር ከእንቅልፉ ነቃ፣ ሜሪ ጄን ሚስቱ አጠገቡ ናት፣ ያ ሁሉ ሕልም ነበር። የጋዜጣው ስፓይደርማን ስትሪፑ በማርች 2019 እስካቆመበት ድረስ ባለትዳር ሆኖ ኖረ። በቁርስ ሰዓት ጋዜጣ የሚገልጥ ሰው ያገባ ጀግና አልከበደውም።

ዲሲ ከዚህ ሁሉ ትምህርት አልወሰደም፤ በ2011 ከማርቭል የባሰ ሥር ነቀል ውሳኔ ወሰነ። የጀግኖቹን ወርኃዊ መጽሔቶች በሙሉ አቁሞ 52 አዳዲስ መጽሔቶችን በቁጥር 1 ጀመረ። የመጀመሪያው ሽያጭ ደራ። ነገር ግን በ1996 የተጋቡት ሱፐርማን (ክላርክ ኬንት) እና ሎይስ ሌን ትዳራቸው ተፋቀ። ከ1986 ጀምሮ ፍላሽ ሆኖ አንድ ትውልድ ያሳደገው ዎሊ ዌስት ደብዛው ጠፋ። የባርባራ ጎርደን ጉዳይ ደግሞ ከሌላው ሁሉ የተለየ ነበር። ባርባራ በ1988 በጥይት ተመትታ መራመድ ካቃታት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ኦራክል በሚል ስም የጀግኖቹ ሁሉ የመረጃ አለቃ ሆና ነበር። አዲሱ ታሪክ አስነስቶ እንደገና ባትገርል አደረጋት። አካል ጉዳተኛ አንባቢዎች ራሳቸውን ያዩባት የነበረች አንዲት ጀግና በአንድ ወር ውስጥ ተወሰደችባቸው፤ ተቃውሟቸውም ከናፍቆት ያለፈ ነበር።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ዲሲ በራሱ ገጽ ላይ ተናዘዘ። በሜይ 2016 በወጣው «ሪበርዝ» ልዩ እትም ዎሊ ዌስት ከጊዜ ውጭ ሆኖ የሚያስታውሰው ሰው ፍለጋ ሲንከራተት፣ በመጨረሻ ባሪ አለን ስሙን ጠርቶ እጁን ሲይዘው ታየ። ታሪኩ ከጀግኖቹ ሕይወት ዐሥር ዓመት እንደተሰረቀ፣ አብረውም ፍቅራቸውና ወዳጅነታቸው እንደተሰረቀ ይናገራል። ሌባው በታሪኩ ውስጥ ሌላ ነው፤ አንባቢ ግን ማን እንደሰረቀው ያውቃል። በ2017 የሎይስና የክላርክ ትዳር፣ ከነልጃቸው ጆን፣ በይፋ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አድናቂው ለውጥ አይወድም የሚለው የቢሮ ሰበብ በእነዚህ ዓመታት በሙሉ ሲደጋገም ኖሯል። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። በ2000 ማርቭል «አልቲሜት ስፓይደርማን»ን ሲጀምር ጸሐፊው ብራያን ማይክል ቤንዲስና ሠዓሊው ማርክ ባግሊ ፒተርን እንደገና የ15 ዓመት ተማሪ አድርገው ከመጀመሪያው ጻፉት። ዳግም ማስጀመር ከተባለ ከዚህ የበለጠ የለም። ነገር ግን የቆየው ፒተር በራሱ መጽሔት ላይ ስለቀጠለ ማንም የተነጠቀው ነገር አልነበረም፤ ሥራው እጅግ ተወደደ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1998፣ በ«ክሎን ሳጋ» የጠፋችው ሕፃን አድጋ ስፓይደርገርል የሆነችበት ሌላ ዓለም ተፈጥሮ ነበር፤ ማርቭል በተደጋጋሚ ሊዘጋው ሲል አንባቢዎች በዘመቻ እያስቀጠሉት መጽሔቱ እስከ 100ኛ እትሙ ዘለቀ። አንድ ጊዜ የወደዱት ሕይወት የሚኖርበት ጥግ እስካለው ድረስ አንባቢዎች ስንት አዲስ ነገር ለመቀበል ዝግጁ እንደሆኑ እነዚህ ሁለት መጽሔቶች አሳይተዋል።

በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ማርቭል «አልቲሜት ስፓይደርማን»ን በአዲስ መልክ አወጣ። ጆናታን ሂክማን በጻፈውና ማርኮ ኬኬቶ በሣለው በዚህ ዓለም ፒተር ጢም ያበቀለ ጎልማሳ፣ የሜሪ ጄን ባልና የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘውም ካገባና ከወለደ በኋላ ነው። የመጀመሪያው እትም አልቆ ደጋግሞ ታተመ። ያገባ ስፓይደርማን ያረጃል፣ አይሸጥም የሚለው የሠላሳ ዓመት ሙግት በመደብሮች ጠረጴዛ ላይ ተረታ። በዋናው «አሜዚንግ ስፓይደርማን» ውስጥ ግን በዚያው ዓመት ከሜፊስቶ ጋር የተደረገው ውል እንደጸና ነበር፤ ፒተርና ሜሪ ጄንም አልተጋቡም።